ሁለት ከተማ፣ አንድ መንገድ፤ ብስክሌተኛው የት ይሂድ?

ሚያዝያ 13 ቀን 2008 ዓ.ም. በጋምቤላ ክልል፣ ጄዊ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ አካባቢ፣ የአንድ እርዳታ ድርጅት ተሽከርካሪ ሁለት ሕፃናትን ገጭቶ ገደለ። ሕፃናቱ ከደቡብ ሱዳን የተሰደዱ ቤተሰቦች ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ የሆነውን የክልሉ ሰው እስከ ዛሬ አይረሳውም። ቁጣው ወደ ጅምላ ጥቃት ተለወጠና በአደጋው ምንም እጅ ያልነበራቸው፣ ለሥራ የሄዱ ከአሥር ያላነሱ ኢትዮጵያውያን ተገደሉ። ክልሉ ያኔ ከባድ ሐዘን ላይ ነበር። ከስድስት ቀን በፊት ከደቡብ ሱዳን የተሻገሩ የሙርሌ ታጣቂዎች ከ200 በላይ ሰው ገድለው፣ ከ100 በላይ ሕፃናት አፍነው ወስደው ነበር።

ስለዚያ ቀን ብዙ ተብሏል። ስለ ብሔር፣ ስለ ስደተኞች አያያዝ፣ ስለ ጸጥታ ኃይሎች ተብሏል። ሁሉም ተገቢ ጥያቄ ነው። ስለ መንገዱ የተነሳው ግን ጥቂት ነው። የአደጋው መነሻ መንገድ ላይ የነበረ ተሽከርካሪና መንገድ ላይ የነበሩ ልጆች ናቸው። አንድ መንገድ ለልጆች መጫወቻ፣ ለእናቶች ውኃ መቅጃ፣ ለከብት መንጃ፣ ለእርዳታ መኪና ደግሞ መፍጠኛ ከሆነ ግጭቱ የጊዜ ጉዳይ ነው። የትራፊክ አደጋ የትም ቢሆን ሐዘን ነው። ጋምቤላ ላይ ግን ገጪው የማን ወገን ነው፣ ተገጪውስ የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከአምቡላንሱ ቀድሞ ይደርሳል። ስለዚህ በባሮ ዳርቻ የእግረኛና የብስክሌት መንገድ ነገር የከተማ ማስዋብ ወሬ ብቻ አይደለም።

ከጎሬ በኩል የሚመጣ መንገደኛ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ገደማ ከሆነው ደጋ ተነስቶ፣ ጠመዝማዛውን ቁልቁለት ጨርሶ፣ 500 ሜትር ገደማ ላይ ያለችው ጋምቤላ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ መሬቱ ሜዳ ነው። ወደ ኢታንግ ቢሄዱ ሜዳ፣ ወደ አቦቦ ቢሄዱም አብዛኛው ሜዳ። ጄዊ ከጋምቤላ ከተማ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። ኢታንግና አቦቦ ደግሞ እያንዳንዳቸው ከ40 እስከ 50 ኪሎ ሜትር ባለው ርቀት ውስጥ ናቸው። አዲስ አበባ ላይ ስለ ብስክሌት ሲወራ መጀመሪያ የሚነሳው ሰበብ ዳገቱ ነው። እዚህ ያ ሰበብ የለም።

ሰውም አለ። በ1999ኙ ቆጠራ የጋምቤላ ክልል ሕዝብ 307 ሺህ ገደማ፣ የጋምቤላ ከተማ ደግሞ 39 ሺህ ገደማ ነበር። ከ2006 ዓ.ም. ወዲህ በደቡብ ሱዳን ጦርነት ሳቢያ ክልሉ የተቀበለው ስደተኛ ብቻውን ከዚያ የቆጠራ ቁጥር የማያንስ ሆኗል። ጄዊ ከ60 ሺህ በላይ ሰው ይኖርባታል። በኢታንግ ዙሪያ ያሉት ኩሌ፣ ትየርኪዲና ንጉኒየል አንድ ላይ ሲደመሩ ከ200 ሺህ ሰው በላይ ያስጠለሉ ናቸው። በካርታ ላይ ጋምቤላና ኢታንግ ሁለት ነጥቦች ይመስላሉ። በመሬት ላይ ግን መሃላቸው መንደር፣ መጠለያ፣ ገበያ፣ ትምህርት ቤትና የውኃ ቦኖ ነው። ይህ ሁሉ ሰው ከቦታ ቦታ ይንቀሳቀሳል፤ አብዛኛው መኪና የለውም፤ ለባጃጅና ለሞተር በየቀኑ የሚከፍለውም የለውም።

አሁን አንድ ዓሣ ነጋዴ ይታሰብ። ከጋምቤላ 18 ኪሎ ሜትር ርቃ ካለች መንደር ነው የሚነሳው። በእግሩ ቢሄድ፣ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር እየተራመደ፣ ከሦስት ሰዓት ተኩል በላይ ይፈጅበታል። በብስክሌት በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቢነዳ አንድ ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይበቃዋል። በየካቲትና በመጋቢት የጋምቤላ ሙቀት 40 ዲግሪ በሚያልፍበት ወቅት ለዓሣ ነጋዴ የሁለት ሰዓት ከግማሽ ገደማ ልዩነት ምቾት አይደለም፤ ዓሣው ይሸጣል ወይስ ይጣላል የሚለው ነው። ይህ ሰው ብስክሌት አለው እንበል። ጎህ ሲቀድ ጭነቱን ከኋላ አስሮ ወጣ። መንገዱ ምን ያደርገዋል?

ከመንደሩ እስከ ዋናው መንገድ የእግር መንገድ አለ። ጠባብ ነው፣ ግን ማንም አያባርረውም። ዋናው መንገድ ላይ ሲወጣ ከባዱ ክፍል ይጀምራል። የመንገዱ ትከሻ የተባለው ጠርዝ አንዳንድ ቦታ ሰፊ፣ አንዳንድ ቦታ በጎርፍ የተበላ ነው። የመንገዱ ጠርዝ ከትከሻው ከፍ ብሎ ሲቀር መኪና ሲመጣ ወደ ዳር መውረድ ጭነት ለያዘ ብስክሌት መውደቅ ማለት ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንዲት ሰከንድ 22 ሜትር ይምዘገዘጋል። ከኋላ ጡሩምባ ሰምቶ፣ ዞር ብሎ፣ አይቶ፣ ወስኖ እስኪወርድ ድረስ መኪናው ደርሷል።

ቀጥሎ ውኃ ማስተላለፊያ ቱቦ ወይም ትንሽ ድልድይ ይመጣል። እዚያ ላይ ትከሻው ያልቃል፤ ግራና ቀኝ የኮንክሪት ግንብ ይቆማል። እስካሁን ዳር ይዞ የመጣው ነጋዴ አሁን ከአይሱዙ ጋር አንድ መስመር ይጋራል። ይህ ጠባብ ቦታ ሃያ ሜትር ቢሆን ነው። ሰው የሚሞተው ግን በሃያው ሜትር ላይ ነው።

በመጨረሻ ከተማ ይገባል። ከተማ ውስጥ ምናልባት የተነጠፈ የእግረኛ መንገድ፣ ምናልባትም አዲስ የብስክሌት መስመር ያገኛል። የኮሪደር ልማቱ ከየካቲት 2016 ዓ.ም. አንስቶ አዲስ አበባ ላይ ቀለም የተቀባ የብስክሌት መስመር በየዋና ጎዳናው ዘርግቷል። ሥራው ወደ ክልል ከተሞችም ወጥቷል፤ ጋምቤላም ከእነዚህ አንዷ ናት። ጥሩ ነው። ግን ነጋዴው የብስክሌት መስመሩን ያገኘው መኪናው ፍጥነቱን ከቀነሰ በኋላ ነው። መኪናው በሚፈጥንበት 15 ኪሎ ሜትር ላይ ምንም አልነበረውም።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ ይኸው ነው። የብስክሌት መንገድ በኢትዮጵያ የከተማ ሥራ ተደርጎ ተይዟል። በ2012 ዓ.ም. ይፋ የሆነው፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2029 የሚዘልቀው የሞተር አልባ ትራንስፖርት ብሔራዊ ስትራቴጂ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ትኩረቱ ግን ባመዛኙ ከተሞች ናቸው። ከከተማ ወደ ከተማ ያለው መንገድ የመኪና ተደርጎ ይታሰባል። በእውነቱ ግን ከጋምቤላ ወጣ ሲሉ መንገዱን በብዛት የሚጠቀመው እግረኛ፣ ብስክሌተኛና ከብት ነጂ ነው። የተለየ ቦታ በጣም የሚያስፈልገውም እዚያ ነው፤ ምክንያቱም ፍጥነቱ እዚያ ነው። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና የገጨው ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፤ በ80 የተገጨ ሰው መትረፉ ተአምር ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት በዓለም በዓመት 1.19 ሚሊዮን ሰው በመንገድ አደጋ ይሞታል። ከሟቾቹ ከግማሽ በላይ እግረኞች፣ ብስክሌተኞችና ሞተረኞች ናቸው። ኢትዮጵያ ውስጥ በፖሊስ የሚመዘገበው ሞት ብቻ በዓመት ከ3 ሺህ በላይ ነው። ይህን በዕጣ ፈንታ ብቻ ማሳበብ አይቻልም። ዛሬ የብስክሌት አገር የምትባለው ሆላንድ እ.ኤ.አ. በ1971 በመኪና አደጋ 3,300 ገደማ ሰው ሞቶባት ነበር፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፣ ጮኹ። የዛሬው መንገዳቸው ከዚያ ጩኸት በኋላ የመጣ ነው። እነሱም የጀመሩት በልጆች ሞት ነው።

የሆላንድ መሐንዲሶች ለብስክሌት መንገድ አምስት መመዘኛ አላቸው፦ ተያያዥነት፣ ቀጥተኛነት፣ ደህንነት፣ ምቾትና ማራኪነት። ተያያዥነት ከፊት የተቀመጠው ያለ ምክንያት አይመስልም። 17 ኪሎ ሜትር ጥሩ ሆኖ 1 ኪሎ ሜትር የሚቋረጥ መንገድ ላይ እናት ልጇን አትልክም። ከብስክሌት መንገድ ላይ ተቋርጦ የቀረው ቦታ የቀረውንም ያበላሸዋል፤ ሰው መንገዱን የሚመዝነው በጣም በሚያስፈራው ቦታ ነውና።

ታዲያ በባሮ ዳርቻ የማይቋረጥ መንገድ እንዴት ይነደፋል? ከሌላ አገር መጽሐፍ ተገልብጦ የሚመጣ አይደለም። ቦታው የራሱ ጠባይ አለው።

አንደኛ፣ ከፍታ። የጋምቤላ ሜዳ በክረምት ውኃ ይተኛበታል፤ ብዙ ቦታም ጥቁር ኮትቻ አፈር ነው፤ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ ባሮ ሞልቶ ጋምቤላ ከተማን ሳይቀር አጥለቅልቋል። ጄዊ ራሷ የተቆረቆረችው ሌችዎርና ኒፕኒፕ የተባሉት መጠለያዎች በ2006ቱ ክረምት በጎርፍ ከተዋጡ በኋላ ነው። ስለዚህ ብስክሌቱን ከመንገዱ ግርጌ፣ ከቦዩ ወዲያ ማውረድ አይሆንም፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አይኖርም ማለት ነው። መፍትሔው የመንገዱን ሙሌት ራሱን ማስፋትና የብስክሌቱን መንገድ ከመኪናው ጋር እኩል ከፍታ ላይ፣ ግን በመለያ ጠርዝ ተነጥሎ ማስቀመጥ ነው። ጋምቤላ የክረምትና የበጋ መንገድን ልዩነት ድሮ ታውቀዋለች። በ1894 ዓ.ም. ምኒልክና እንግሊዝ በተፈራረሙት ውል መሠረት የወንዝ ወደብ በሆነችበት ዘመን፣ ከካርቱም የሚመጡት መርከቦች የሚደርሱት ባሮ ሲሞላ ብቻ ነበር። ዛሬ ደግሞ በተገላቢጦሽ ባሮ ሲሞላ የእግር መንገዱ ይጠፋል።

ሁለተኛ፣ ስፋት። ስፋቱ የሚለካው ባዶ ብስክሌት በሚነዳ ወጣት አይደለም። ግራና ቀኝ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ባንጠለጠለ ብስክሌት ነው። ሁለት እንዲህ ያሉ ብስክሌቶች ሳይነካኩ እንዲተላለፉ፣ በጭንቅላቷ እንጨት የተሸከመች ሴትም ዳር ይዛ እንድትሄድ 2.5 ሜትር ዝቅተኛው ነው። ቦታ ካለ 3 ሜትር ይሻላል። ቱቦውና ድልድዩም በዚያው ስፋት መሠራት አለበት። እዚያ ላይ ከጠበበ ቀሪው ሁሉ ከንቱ ነው።

ሦስተኛ፣ አንድ ወገን። መንገዱ በግራ ከጀመረ እስከ መጨረሻው በግራ ይሂድ። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ ወገን የሚቀይር መንገድ ብስክሌተኛውን አስፋልቱን በተደጋጋሚ እንዲያቋርጥ ያስገድደዋል። መሻገር ግድ ከሆነ መሻገሪያው መኪና ፍጥነት በሚቀንስበት፣ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ባለበት መንደር ውስጥ ይሁን። ትምህርት ቤትና የውኃ ቦኖ የሚበዛበት ወገን ይመረጥ።

አራተኛ፣ ባጃጅ። ጥሩ የተነጠፈ መንገድ ከተገኘ ባጃጅ መግባቱ አይቀርም። የባጃጅ ስፋት 1.3 ሜትር ገደማ ነው። በየመግቢያው 1.2 ሜትር አራርቆ አጭር የኮንክሪት ምሰሶ ማቆም ብስክሌትን፣ ጄሪካን የጫነውንም፣ ዊልቸርንም ያሳልፋል፤ ባጃጅን አያሳልፍም። ሞተር ሳይክል ያልፋል፤ ለሱ ምሰሶ ሳይሆን ትራፊክ ፖሊስና የመንደሩ ሽማግሌ ያስፈልጋሉ።

አምስተኛ፣ ጥላ። በ40 ዲግሪ ያለ ዛፍ የተሠራ መንገድ ከረፋዱ አራት ሰዓት በኋላ ባዶ ይሆናል። ኒምና ማንጎ ጋምቤላ ላይ ያለ ብዙ ችግር የሚበቅሉ ዛፎች ናቸው። በመኪናውና በብስክሌቱ መንገድ መሃል ሳይሆን ከብስክሌቱ መንገድ ውጭ በኩል ይተከሉ፤ የመኪና ነጂ እይታ እንዳይጋረድ፣ ከዛፍ ጀርባ ድንገት የሚወጣ ልጅም እንዳይኖር። ከብት የሚያቋርጥበት ቦታም ታውቆ መሻገሪያ ሊሠራለት ይገባል። የኑዌር ከብት ነጂ ለዘመናት የሚያልፍበትን መስመር መሐንዲስ ስላላየው አይተወውም።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው። ግን ምን ያህል? 18 ኪሎ ሜትር በ2.5 ሜትር ስፋት 45 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። የመኪናው መንገድ በ7 ሜትር ስፋት 126 ሺህ ካሬ ሜትር ነው። የብስክሌቱ መንገድ የከባድ መኪና ጭነት ስለማይሸከም ንጣፉ በጣም ቀጭን ይሆናል። ትልቁ ወጪ አፈሩን መሙላትና ቱቦውን ማስረዘም ነው። ያ ሥራ ደግሞ መንገዱ ሲሠራ ወይም ሲታደስ አብሮ ከተሠራ ርካሽ ነው፤ ማሽኑ እዚያው ነው፣ ካምፑ እዚያው ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ ለብቻው እንሥራው ከተባለ ግን ዋጋው ሌላ ነው። ስለዚህ ወሳኙ ቀን ሪባን የሚቆረጥበት ሳይሆን ዲዛይኑ የሚፈረምበት ቀን ነው።

እዚህ ላይ ነው ችግሩ ከመሐንዲስነት ወደ አስተዳደር የሚዞረው። ከተማ ውስጥ ያለው መንገድ የከተማው አስተዳደር ነው። ዋናው አገር አቋራጭ መንገድ የኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር ነው። ወደ ቀበሌ የሚገባው የክልሉ ገጠር መንገድ ነው። መጠለያ ጣቢያው ውስጥ ያለው ደግሞ የስደተኞች ጉዳይ ከሚመለከታቸው አካላት ጋር የተያያዘ ነው። ዓሣ ነጋዴው በአንድ ጠዋት በሦስትና በአራት መሥሪያ ቤት ግዛት ውስጥ ያልፋል፤ አንዳቸውም ግን ጉዞውን ከጫፍ እስከ ጫፍ አያዩትም። ሁሉም የራሱን ድርሻ በትክክል ሠርቶ እንኳ መገጣጠሚያው ላይ ሰው ሊሞት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚያስፈልገው ሲሚንቶ አይደለም። ለአንድ መስመር፣ ለምሳሌ ለጋምቤላና ጄዊ፣ አንድ ስዕል፣ አንድ ስፋት፣ አንድ ምልክትና ተጠያቂ የሆነ አንድ መሥሪያ ቤት ነው።

ተቃውሞዎቹ ይታወቃሉ። "ሰዉ ሰላም፣ መድኃኒት፣ ንጹሕ ውኃ ሳያገኝ የብስክሌት መንገድ ቅንጦት ነው" የሚል አለ። ቅደም ተከተሉ እውነት ነው። ግን መድኃኒቱም ውኃውም በመንገድ ነው የሚደረስበት። በዛምቢያ ገጠር ለተማሪ ልጃገረዶች ብስክሌት በተሰጠበት ጥናት፣ ወደ ትምህርት ቤት የሚፈጀው ጊዜ በሲሶ ገደማ፣ ከትምህርት መቅረትም በሩብ ገደማ ቀንሷል። ጋምቤላ ላይ ውኃና ትምህርት ቤት ሩቅ የሆነባት ልጅ ብስክሌት ብታገኝ፣ ቀጥሎ የሚነሳው ጥያቄ የት ላይ ትንዳው የሚለው ነው።

ሌላው ተቃውሞ ይበልጥ ከባድ ነው። "ስለ መኪና ደህንነት ታወራላችሁ፤ እኛ ግን መንገድ ላይ የምንፈራው ጥይት ነው" የሚል። ይህን ማንም ሊያጣጥለው አይችልም። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወራት በኢታንግ ልዩ ወረዳ የተነሳው ግጭት ሰው ገድሏል፣ አፈናቅሏል፣ መንገድም ዘግቷል። የብስክሌት መንገድ ታጣቂን አያስቆምም፤ ያስቆማል የሚል ካለ ውሸት ነው። መንገዱ ሊያደርግ የሚችለው አንድ ትንሽ ነገር ነው። ለበቀል ሰበብ ከሚሆኑት ክስተቶች አንዱን፣ ገጭቶ መግደልን፣ ይቀንሳል። የጄዊን ቀን ያየ ሰው ይህን ትንሽ ነገር አይንቀውም።

ሦስተኛው፣ "ብስክሌተኛ የታለ? ቁጠሩልን" የሚለው የቢሮ ጥያቄ ነው። ድልድይ ያልተሠራለትን ወንዝ ዋኝተው የሚሻገሩትን ቆጥሮ ድልድይ አያስፈልግም እንደማለት ነው። ባሕር ዳር በብስክሌት የታወቀች ከተማ ነበረች፤ ሜዳማነቷ ሳይለወጥ ባጃጅና መኪና ሲበዛ ብዙ ሰው ከብስክሌት ወርዷል። ሰው የሚነዳው ሳይሞት እደርሳለሁ ብሎ ሲያምን ነው።

አዲስ አበባ ላይ የተዘረጉት መስመሮችም ትምህርት ይሰጣሉ። ቀለሙ ያምራል፤ ግን አንዳንድ ቦታ መኪና ይቆምበታል፣ መስቀለኛ መንገድ ላይ ሲደርስ ደግሞ መስመሩ ይጠፋና ብስክሌተኛው ለራሱ ይተዋል። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚያናድድ ነገር ነው። በኢታንግ መንገድ ላይ ግን መስመሩ የሚጠፋበት ቦታ መኪና 80 የሚነዳበት ስለሆነ ገዳይ ነው።

ከሁሉም መስመሮች በጄዊ መጀመር ይሻላል። ርቀቱ አጭር ነው፣ ሰዉ ብዙ ነው፣ ምክንያቱም ይታወቃል። በቀጣይ ያ መንገድ ሲታደስ ወይም ሲሰፋ፣ የክልሉ ምክር ቤት አባላት፣ የእርዳታ ድርጅቶችና የአካባቢው ሽማግሌዎች የዲዛይኑን ወረቀት አስቀርበው አንድ ነገር ይጠይቁ፦ በመጀመሪያው ቱቦ ላይ፣ አይሱዙ ከፊት ሲመጣ፣ ጄሪካን የጫነ ብስክሌትና ከጎኑ የምትሄድ ልጅ የት ነው የሚያልፉት? መሐንዲሱ ቦታውን በእርሳሱ ማሳየት ካልቻለ ወረቀቱ ሳይፈረም ይመለስ።